የጂዲቢ «ሊስት» ትእዛዝ ነባሪ ጠባይ፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ በጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያው) ፕሮግራሙ ብሬክፖይንት (እንዲቆም ያዘዝሁበት መስመር) ላይ ቆሞ «ሊስት» (የኮድ መስመሮችን የሚያሳየውን ትእዛዝ) ስል ያለሁበትን ያሳየኛል፤ ስደግመው ግን ወደ ታች ይሄድብኛል። እንዴት ልመልሰው?

መላሽ፦ ነባሪው እንደዚያ ነው። የመጀመሪያው «ሊስት» በቆመበት ዙሪያ 10 መስመር ያወጣል፣ ሁለተኛው ቀጣዮቹን 10። «ሊስት» ከሰረዝ ጋር ወደ ላይ ይወስድሃል። ከጂዲቢ 14 (2023 እ.ኤ.አ.) ወዲህ «ሊስት» ብለህ ክፍት ቦታና ነጥብ ብታስከትል ወደቆመበት ይመልስሃል። ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ያለው ጂዲቢ 12 ነው፤ ነጥቡን አያውቀውም። እዚያ «ፍሬም» (የቆምህበትን ቦታ የሚያሳየው ትእዛዝ)፣ ቀጥሎ «ሊስት» በል። ባንድ ስም ለማሰር ቤት ማውጫህ ባለው የጂዲቢኢኒት ፋይል (ጂዲቢ ሲከፈት የሚያነበው የትእዛዝ ፋይል) አራት መስመር ጻፍ፦ «ዲፋይን ኤልኤል»፣ «ፍሬም»፣ «ሊስት»፣ «ኤንድ»። ስሙን ራሱን «ሊስት» እንዳታደርገው! ውስጡ ያለው «ሊስት» መልሶ ራሱን ይጠራል፤ የጥሪው ጥልቀት 1024 ሲያልፍ ጂዲቢ በስህተት ያቋርጠዋል።

ደብረ ማርቆስ፦ ዲፋይን ምን ያደርጋል? አሊያስ (ለነባር ትእዛዝ ሌላ ስም መስጫው) ይበቃል።

ፍኖተ ሰላም፦ አሊያስ ሁለት ትእዛዝ አያስርም እኮ።

ደብረ ማርቆስ፦ ከጂዲቢ 10 ጀምሮ አሊያስ ነባሪ አርጉመንት (ከትእዛዙ ጋር አብሮ የሚሄድ ቃል ወይም ምልክት) ይቀበላል። «አሊያስ ኤልኤል» ብለህ እኩል ይሆናል፣ «ሊስት»፣ ነጥብ። አለቀ።

ፍኖተ ሰላም፦ ነጥቡ 12 ላይ የለም ተባለ!

መላሽ፦ 14 ያለው በአሊያስ፣ 12 ያለው በዲፋይን። እንለፍ።

ዳንግላ፦ 10 መስመር አነሰኝ።

መላሽ፦ «ሴት ሊስትሳይዝ 30»።

ቡሬ፦ ጂዲቢ አልሠራ አለኝ።

መላሽ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። የጂዲቢ ቁጥርህን፣ የጻፍኸውን ትእዛዝና ያወጣውን መልእክት ጻፍ።

ዳንግላ፦ በፕሮጀክቱ ማውጫ ያስቀመጥሁትን ጂዲቢኢኒት አላነብም አለኝ፤ «ኦቶ-ሎድ ሴፍ-ፓዝ» (ፋይላቸው በራሱ እንዲነበብ የታመኑ ማውጫዎች ዝርዝር) ይላል። አንድ ጓደኛዬ ስላሽ (/) ብቻ ስጠው አለኝ።

መላሽ፦ አትስጠው! ስላሽ ማለት በኮምፒውተርህ ያለ ማውጫ ሁሉ ታምኗል ማለት ነው። ከኢንተርኔት ባወረድኸው ኮድ ውስጥ ሌላ ሰው ያስቀመጠው ጂዲቢኢኒት ካለ፣ እዚያ ሆነህ ጂዲቢን ስትከፍት ይነበባል፤ በውስጡ «ሼል» የሚል (የኮምፒውተሩን ትእዛዞች የሚያስኬድ) ትእዛዝ ካለ ፋይልህን እስከ መሰረዝ ይደርሳል። ቤት ማውጫህ ባለው ፋይል «አድ-ኦቶ-ሎድ-ሴፍ-ፓዝ» ብለህ የዚያን አንድ ፕሮጀክት ሙሉ መንገድ ብቻ ስጥ። ሌላ ፕሮጀክት ሲመጣ ሌላ መስመር ጨምር።

ቡሬ፦ ቁጥሩ 12 ነው። «ሊስት» ስል የሲምቦል ቴብል (የኮዱ ስሞች ሰንጠረዥ) አልተጫነም ይላል።

መላሽ፦ አሁን ጠየቅህ። በሰረዝ-ጂ (-g፣ የስህተት መፈለጊያ መረጃ የሚጨምረው ምርጫ) ኮምፓይል አድርግ፤ ኦፕቲማይዜሽኑንም (ኮዱን ለማፍጠን የሚደረገውን ለውጥ) ወደ ዜሮ አውርደው፣ አለዚያ ስትራመድ መስመሮቹ ወደፊትና ወደኋላ ይዘሉብሃል።

ባሕር ዳር፦ ሁለተኛው «ሊስት» ወደ ታች እንዳይሄድ ማድረግስ…

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል። ኤልኤልን ተጠቀም።