ተርቦ መኪና ልትገዛ ያሰብክ ወንድሜ፣ ሰው ያልነካካውን ፈልግ

አንድ እሑድ እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ቡና እየጠጣሁ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው፣ ከኦሮራ ኮሎራዶ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ፎቶ ላከልኝ። ሰማያዊ ሱባሩ ኤስቲአይ፣ ወርቃማ ቸርኬ፣ ኋላው ላይ የምግብ ጠረጴዛ የሚያክል ክንፍ።

«ጋሼ፣ 400 ፈረስ ጉልበት አለው። ሰውየው ሁሉን ነገር ሠርቶለታል። ለእኔ የቀረኝ መንዳት ብቻ ነው።»

«ሁሉን ነገር ሠርቶለታል» የምትለዋን ነገር አውቃታለሁ። እኔም በእሷው ተበልቻለሁ። ኦሮራ 17 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። እዚያ እያለሁ አንድ ወጣት የነካካውን የ2004 ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ገዛሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ትልቅ ተርቦ (ሞተሩ ውስጥ አየር ገፍቶ የሚያስገባው) ገብቶለታል፣ ኮምፒውተሩ ተቀይሯል፣ ማርሚታው ሰፈር ይቀሰቅሳል። አምስት ወር በደስታ ነዳሁት። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከሥር ድምፅ መጣ። ቡና የሚወቅጥ ሰው ያለ ይመስላል፣ ሙቀጫና ዘነዘና። ጋዝ ስጨምር ይፈጥናል፣ ስለቅ ይዘገያል። አንድ መካኒክ ወዳጄ ዘይቱን ነጭ ካርቶን ላይ አፈሰሰልኝ። ፀሐይ ላይ እንደ መዳብ ብናኝ ያብረቀርቃል። የቤላው ብሮንዝ ነው፣ ተፈጭቶ ከዘይቱ ጋር የወጣው። ሞተሩ ወረደ። ያወጣሁት ገንዘብ መኪናውን ከገዛሁበት ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የነገርኩትን ለሁላችሁም ልንገራችሁ። «አንተ» ስል አንቺንም ጭምር ነው።

መነካካት ከፈለግክ ራስህ ነካካው። ሌላ ሰው የጀመረውን አትቀጥል። የተነካካ መኪና ስትገዛ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ማን እንደጻፈው፣ ለየትኛው ቤንዚን እንደጻፈው አታውቅም። ሰውየው በቀዝቃዛ ሞተር ስንት ጠዋት እንደረገጠውም አይነግርህም። ደግሞ ብዙ ሻጭ መኪናውን ከማውጣቱ በፊት ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ነቅሎ ለብቻው ይሸጣል። ለአንተ የሚተርፍህ የደከመው ሞተር ነው።

ለማየት ስትሄድ ሞተሩ ሳይነሳ ጠብቀኝ በለው። ስትደርስ ገና እጅ ሳትጨባበጡ ኮፈኑን በመዳፍህ ዳስሰው። ከሞቀ፣ በብርድ ሲነሳ የሚሰማ ድምፅ እንዳትሰማ ተፈልጎ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀን ተመለስ። ከዚያ ጎማዎቹን እይ። አራቱንም ጎማ የሚነዳ መኪና አራት የተለያየ ጎማ ከለበሰ ባለቤቱ ስለ መኪናው እንደማይገባው ነገረህ ማለት ነው። አንዱ ጎማ ከሌላው በጣም ካለቀ እኩል አይሽከረከሩም። ልዩነቱን የሚሸከመው መሐል ያለው ዲፈረንሻል ነው፣ እሱም ሙቀቱን ብዙ አይችልም። በመጨረሻ ገንዘብ ከፍለህ ገለልተኛ ጋራዥ ውሰደው፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት ያስለካልህ። ሻጩ «ምን ያዘገይሃል፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ካለህ መልካም ጋብቻ በለውና ሂድ።

የትኛውን ልግዛ ለምትሉኝ፣ እኔ ለዕለት ሥራ ከ2015 እስከ 2021 የመጣውን ደብልዩአርኤክስ በማኑዋል ካምቢዮ እመርጣለሁ። ባለ 2 ሊትር ሞተር ነው፣ 268 ፈረስ ጉልበት፣ ቫልቮቹን በችንጋ ሳይሆን በሰንሰለት የሚያሠራ። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው ነገር የለም፤ ከጊዜ በኋላ ጥላሸት ይይዛቸዋልና ማጽጃ ገንዘብ ያዝ። ኤስቲአይን ልቤ ይወደዋል። ግን ከመጀመሪያው እስከ 2021 መጨረሻው ድረስ አሜሪካ የመጣው በዚያው በአሮጌው 2.5 ሊትር ሞተር ነው። እንደወጣ ከተዉት ጥሩ ነው። 400 ፈረስ ሲጠይቁት ግን ፒስተኑ ላይ ፋሻው የሚቀመጥበት ጠርዝ ይሰበራል። ፎቶውን አይቼ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ችንጋውም በ105,000 ማይል ይቀየራል። ሳይቀየር ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ ቴስታታውን ብቻ ከፍተህ አትገላገልም።

ገንዘቡ ቀጠን ካለ ከ2005 እስከ 2009 ያለውን ሱባሩ ሌጋሲ ጂቲ እይ። ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ፖሊስም ጭምር። አንድ ነገር ብቻ፦ ወደ ተርቦው ዘይት የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። እሷ ስትደፈን ተርቦው በዘይት ጥማት ይሞታል። መጀመሪያ እሷን አስፈትሽ።

ሚትሱቢሺ ኢቮ? ስምንተኛውና ዘጠነኛው የብረት ሞተር አላቸው፣ ጉልበት ይችላሉ። ችንጋቸው ግን በ60,000 ማይል ነው። ደግሞ እንደወጣ የቀረ ኢቮ ማግኘት ከጨረቃ ላይ እንጀራ መጠበቅ ነው፣ ከተገኘም ዋጋው ለዕለት መኪና አይሆንም። ራስህ መፍቻ የማትይዝ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ ከሆነ ኦዲ ኤስ3 ሴዳን ይሻልሃል። የ2015ቱ 292 ፈረስ ነው፣ ዝምተኛ። የካምቢዮውንና የኋላውን ክላች ዘይት በወቅቱ ካልቀየርክ ግን አታምጣው። ኮምፒውተሩን ከነካኸው ደግሞ የኩባንያው ጋራዥ ስካን ሲያደርግ ያየዋል፣ ዋስትናህ ላይ ጣጣ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሞተር የሚሞተው በዚህ ነው።

ኦሮራ አጠገብ ያለችው ዴንቨርና አዳማ በከፍታ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያላነሱ ናቸው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ተርቦ የሌለው መኪና ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህሉን ያጣል። ተርቦ ያለው ያን ያህል አይጎዳም፣ ምክንያቱም አየሩን ገፍቶ ያስገባል። ግን ያንኑ ግፊት ለማምጣት የበለጠ መሽከርከር አለበት፣ የሚያስገባውም አየር የበለጠ ይሞቃል። በዚህ ላይ ኮሎራዶ ማደያ ውስጥ የምታገኘው ትልቁ ቤንዚን ባለ 91 ኦክቴን ነው፣ ተራው 85። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ በራሱ እንዳይፈነዳ ያለው አቅም ነው። ቨርጂኒያ ያለው ጓደኛህ ግን 93 ይቀዳል።

እንግዲህ ጓደኛህ እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ በ93 ያስጻፈውን ፕሮግራም በስልክ ልኮልህ ኦሮራ ላይ በ91 ብትጭነው ምን ይሆናል? ካንዴላው ያቀጣጠለው እሳት ሳይደርሰው የቀረው ቤንዚን በራሱ ይፈነዳል። ፒስተኑን በመዶሻ እንደመምታት ነው። አንዳንዴ አትሰማውም፣ ማርሚታህ ጮሆ ሸፍኖታል። ፕሮግራም ከፈለግክ ባለሙያው ለአንተ መኪና፣ ለአንተ ከተማና ለአንተ ማደያ ይጻፍልህ። እየነዳህ የተቀዳውን መረጃም አሳየኝ በለው። የማያሳይ ከሆነ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ተወው።

ከያዝከው ገንዘብ ሩቡን ለመኪናው ግዢ አትንካው። ገዝተህ ወደ ቤት ስትገባ የሁሉንም ዘይት ቀይር፣ የፍሬኑንም ጨምሮ፤ የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፣ ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። ከዚያ ጎማ። ኮሎራዶ ለምትኖሩ የክረምት ጎማ። አራቱም ጎማ መንዳቱ በበረዶ ላይ ያስነሳሃል፣ አያቆምህም። እኔ ይህን የተማርኩት የአንድ ምስኪን ሰው ፓራውልት ላይ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ከደከመ ቀይረው፣ መኪናውን ግን መሬት አታስነካው። በየቀኑ የምትነዳው መኪና ነው፣ በረዶም ጉድጓድም አለ።

ማርሚታ መጨረሻ ላይ። ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር ማንሳት አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፣ ዴንቨር አካባቢ ደግሞ የጭስ ምርመራ ላይ ይይዙሃል። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትገባ የእናቶቹን ዓይን እንኳ ፍራ። የምትቀይረውን ሁሉ ለኢንሹራንስህ ንገር፤ ደብቀህ ብትጋጭ አንከፍልም ሊሉህ ይችላሉ።

«ኋላ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። ይቅርባችሁ። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ቢያስጎመጅም እዚህ ማደያ ላይ ምርጫው ቤንዚን ወይ ናፍጣ ነው፣ ኦክቴን የሚጠይቅህ የለም። እኔም አሁን የምነዳው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ባጃጅ ሲቀድመኝ ዝም እላለሁ።

የእህቴ ልጅ ሰማያዊውን ተወው። ሁለት ሳምንት ኮርፎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ነርስ የነዳችው፣ ምንም ያልተነካ የ2017 ደብልዩአርኤክስ አገኘ። ግራጫ ነው፣ የሰርቪሱ ደረሰኝ ሁሉ በፋይል ታስሮ። ትናንት ደውሎ ጎማ ገዛሁ አለኝ። ደስ አለኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ አንድ ማርሚታ አይቼ ነበር...»

ኔትወርኩ ተቆረጠ አልኩት።