መልስ፦ ቃሉ እየታየኝ ፒዲኤፉ ለምን «አልተገኘም» ይለኛል?

ሰላም። ቃሉ ገጹ ላይ በዓይንህ እየታየህ የመፈለጊያ ሳጥኑ «አልተገኘም» ሲልህ ያናድዳል። እኔንም ብዙ ሰዓት አቃጥሎብኛል።

መጀመሪያ ቃሉን በማውስ ምረጠው። ጭራሽ አልመረጥ ካለ ሰነዱ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው። ሳጥኑ የሚፈልገው ፊደል እንጂ ሥዕል አይደለም። ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ያስፈልግሃል፤ ቴሰራክት አማርኛ ያነባል፣ ነፃም ነው።

ከተመረጠልህ ኮፒ አድርገህ ኖትፓድ ላይ ለጥፈው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከወጣ፣ ሰነዱ የተጻፈው ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ኮድ ላይ ይደርቡት ነበር። መላው ቀላል ነው፤ ያንኑ ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ ለጥፈህ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ያገኝልሃል።

ኖትፓዱ ላይ ደህና አማርኛ ከወጣ ግን ነገሩ የአጻጻፍ ነው። ለሳጥኑ «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ፍጹም የተለያዩ ናቸው። አንተ «ፀሐይ» ስትል ጸሐፊው «ጸሀይ» ብሎት ይሆናል። ሁሉንም ሞክር። የቃል መጨረሻም አለ። «መጽሐፍ» ብለህ ከፈለግህ «መጽሐፉ» አይመጣም፤ «ፍ» «ፉ» ሆኗልና። እኔ «መጽሐ» ብቻ ነው የምጽፈው። «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለው ላይ ምልክት ካለም አንሳው፤ አለበለዚያ «በመጽሐፍ» እና «የመጽሐፍ» ያመልጡሃል።