ትንፋሽ እያጠረኝ ልራመድ? ጥያቄና መልስ

የልብና የሳንባ ሕሙማንን እንቅስቃሴ የማሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስለ ትንፋሽና ስለ እንቅስቃሴ ጠይቁኝ፤ መድኃኒት መጨመርና መቀነስ ግን የሐኪማችሁ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በማገዶ ጭስ እንጀራ ስትጋግር ኖራ ሳንባዋ ታመመ። ጥቂት ከተራመደች ታለከልካለች። አየር መሳብ አቅቷት ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ዋናው ችግር ግን ማስወጣቱ ላይ ነው። የጠበበ የአየር ቧንቧ አየሩን ለማስወጣት ጊዜ ይፈልጋል። ስትራመድ ትንፋሿ ስለሚፈጥን የገባው ሳይወጣ ሌላ ይደረብበታል፤ ሳንባዋ እንደተነፋ ይቀርና ለሚቀጥለው ትንፋሽ ቦታ ይጠፋል። ስለዚህ «በደንብ ሳቢ» አትበሏት፤ «ቀስ ብለሽ አውጪ» በሏት። በአፍንጫዋ ሁለት እስኪቆጠር ትሳብ፤ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈሯን አሹላ አራት እስኪቆጠር ታውጣ። ደረጃ ስትወጣ ቆማ ትሳብ፣ እያወጣች ትርገጥ። ሲጠናባት ወገቧ ድረስ በሚደርስ ግንብ ላይ ክንዶቿን አስደግፋ ወደ ፊት ታዘንብል። ጭሱንም አርቁላት፤ ጭስ ቤት እየዋለች የምትሠራው እንቅስቃሴ ብዙ አይጠቅማትም።

ጥያቄ፦ ለአባቴ ኦክስጅን ታዞለት ቤት ውስጥ በማሽን ይወስዳል። ሲራመድ ከደከመው መጠኑን ከፍ ላድርግለት?

መልስ፦ በራስዎ አይጨምሩ። አንዳንድ የሳንባ ሕሙማን ኦክስጅን ሲበዛባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፣ ግራ ይጋባሉ። ለእነዚህ በደማቸው ውስጥ የሚፈለገው የኦክስጅን ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። ለዕረፍትና ለእንቅስቃሴ የታዘዘው መጠን ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም ሐኪሙን ጠይቀው ጽፈው ይያዙ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቤት ስገባ ሽማግሌው ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ከእግራቸው ሥር የቡናው ከሰል ፍም ሆኖ፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ምድጃውን በረንዳ አወጣሁት። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አይገባም፤ ሲጋራማ ጨርሶ አይነሣ። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ስለሚቆም መጠባበቂያ ሲሊንደር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር ሕሙማን የትንፋሽ ማሽን ጭንብል አጥልቀው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ሲመቱ አየሁ። ይጠቅማል?

መልስ፦ ለአንዳንዶች፣ በተለይ ሕመማቸው ለጠና። ማሽኑ አየሩን በግፊት ስለሚያስገባ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሸክም ይቀልላል፤ ሰውየው ትንፋሹ ሳይሆን እግሩ እስኪዝል መሥራት ይችላል። ነገር ግን ባለሙያ አጠገቡ መቆም አለበት፤ ጭንብሉ አፈነኝ ብሎ የሚያወልቀውም ብዙ ነው። እኔ ብጠየቅ ከማሽኑ በፊት በየመቶ ሜትሩ አግዳሚ ወንበር ያለበት መንገድ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ የልብ ድካም አለብኝ። ምን ያህል ብደክም ነው የሚበቃኝ?

መልስ፦ እየተራመዱ ማውራት ይቻልዎ፣ መዝፈን ግን ያቅትዎ። የትንፋሽዎን መክበድ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ቢሰጡት 3 ወይም 4 ላይ ይቆዩ። ደረትዎን ካመመዎ፣ ካዞረዎ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካላበዎ ወዲያው ያቁሙ፤ አረፍ ብለው ካልተወዎ ሆስፒታል ይሂዱ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ፣ እግርዎ ካበጠ ወይም ሌሊት ትራስ መደራረብ ካስፈለገዎ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላልና እንቅስቃሴውን ትተው ሐኪም ያግኙ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ደህና እራመድ ነበር፤ አዲስ አበባ ስመጣ ግን ደከመኝ። ብሶብኝ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሐዋሳ ብዙ ዝቅ ትላለች። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሜዳ ላይ ብቻ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ እንጦጦን ለሯጮቹ ይተዉላቸው። በዕረፍትም ከደከመዎ ግን ይታዩ።

ጥያቄ፦ ጣት ላይ የሚሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ ይታመናል?

መልስ፦ በመጠኑ። ጣት ሲቀዘቅዝና ጥፍር ቀለም ሲቀባ ይሳሳታል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ልክ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። 94 እያለ ሰውየው አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ እኔ መለኪያውን ኪሴ ከትቼ ወንበር አቀርብለታለሁ።