ዘፈኑ ደረሰ፣ ብሩስ መቼ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንጽፍልህ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ አካባቢ ነው። አምስት ሆነን አብረን እንጫወታለን፤ ክራር፣ ማሲንቆና ኪቦርድ አለን። ልጆች ሳለን ዜማ ያስተማረን የሰፈራችን ሰው ኩላሊቱ ታሞ እጥበት ጀምሯል። ለእሱ አንድ ዘፈን ቀርጸናል። ዩትዩብና ሌሎች የሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ ሸጠን ገቢውን ልንሰጠው አስበናል። ያዋጣናል ወይ? ብሩስ በማን ስም ይግባ?

መልስ፦ እጃችሁ ይባረክ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘፈኑን በመሸጥ ብቻ እጥበቱን አትደርሱበትም።

እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ነገ ዛሬ አይባልም። ዩትዩብ ደግሞ አይቸኩልም። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቻናላችሁ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ አሟልታችሁም ገቢያችሁ 100 ዶላር እስኪሞላ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ስፖቲፋይ የሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ሲከፍልም አንዴ ለመደመጥ የሚደርሳችሁ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም።

በ1977ቱ የአገራችን ድርቅ የባሕር ማዶዎቹ ዘፋኞች ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ሌሎች ዘፋኞችን ሰብስበው ለተራቡት ያወጡት ዘፈን ያን ያህል ገንዘብ ያመጣው እኮ ሰው ሱቅ ሄዶ ሸክላውን ስለገዛው ነው። ዛሬ ማን ይገዛል? እኔ ራሴ በነፃ ነው የምሰማው፣ ምን ልዋሽ።

ስለዚህ ዘፈኑ ጥሩምባ ይሁንላችሁ። የዕድር ጥሩምባ ነፊን አስቡት (ምሳሌው ለታመመ ሰው ባይመችም)፤ ጥሩምባውን የሚገዛው የለም፣ ሰው ግን ይሰበሰባል። የባንክ ሂሳቡና የቴሌብር ቁጥሩ ከቪዲዮው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታይ። መጨረሻ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ቁጥር ማንም አይጽፍም።

ከሁሉ በላይ ግን ባሕር ዳር እኮ ነው ያላችሁት! የአዝማሪ አገር ተቀምጦ ከስልክ ላይ ሳንቲም መልቀም ምን ይሉታል? ቅዳሜ ማታ አንድ ቤት አስፈቅዱ፣ አንድ ጎበዝ አዝማሪ ለምኑ። ሰው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፋል፤ የዚያን ምሽት ሽልማት ለታማሚው እንደሚውል ቀድሞ ከተነገረ ደግሞ አንዱ ሌላውን እያየ እጁን ይዘረጋል። መጀመሪያውን እኔ ልስጣችሁ፦

ጣና ዳር ተወልዶ ውሃ ሞልቶ ሳለ፣
ለአንድ ቀን እጥበት ደጅ ጠና ተባለ።

በማን ስም ይግባ ላላችሁት፣ በአንዳችሁ የግል ሂሳብ በፍጹም እንዳይሆን። ከዓመታት በፊት እኛም ለአንድ ጓደኛችን ስናሰባስብ ብሩ በአንዱ ልጅ ሂሳብ ገባ። ልጁ ሌባ አልነበረም። የራሱ ደመወዝ እዚያው ይገባል፣ የቤት ኪራዩም ከእዚያው ይወጣል፤ በመጨረሻ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተንና ተኳረፍን። እስከዛሬ መንገድ ላይ ስንተያይ ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፣ አንዱ ከቤተሰቡ። የሕክምና ማስረጃውን ያዙ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለውን በየሳምንቱ ለጥፉ።

ይህ የትልልቆቹም ችግር ነው። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰንና ሕንዳዊው ሙዚቀኛ ራቪ ሻንካር በ1971 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኮንሰርት አዘጋጅተው ነበር። ከበር የተሰበሰበው ቶሎ ዩኒሴፍ ደረሰ። ከአልበሙና ከፊልሙ የመጣው ግን፣ ከግብር ነፃ የመሆን ፈቃድ አስቀድመው ስላልጠየቁ፣ በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ተይዞ ቀረ። ወረቀቱን ከዘፈኑ በፊት ጨርሱ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ጥያቄ (እዚያው ደብዳቤ ግርጌ ላይ)፦ ዜማው የቆየ የሕዝብ ዜማ ነው። መሐል ላይ ግን ከአንድ የታወቀ ዘፋኝ ካሴት ጥቂት ቆርጠን አስገብተናል። ለበጎ ሥራ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው። የሕዝቡ ዜማ የሕዝብ ነው፣ የካሴቱ ቅጂ ግን ባለቤት አለው፤ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ዘፋኙንም አሳታሚውንም ይጠብቃል። ዩትዩብም በራሱ ሊለየው ይችላል፣ ከዚያ ባለመብቱ ከፈለገ ቪዲዮውን ያሳግዳል፣ ካልፈለገ የማስታወቂያውን ገቢ ወደ ራሱ ያዞራል። ለታማሚ ያላችሁት ብር ለሌላ ሰው ገባ ማለት ነው። ወይ በጽሑፍ አስፈቅዱ፣ ወይ ቆርጣችሁ አውጡት። ማሲንቆ አለን ብላችሁ የለ? ቦታውን እሱ ይሙላው።