«ልጅ ሰበረው» ከማለታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤት ውስጥ በአትክልተኛነትና በጥገና ሥራ ለመቀጠር ለምታስቡ ወጣቶች ነው። እኔ ባሕር ዳር፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን አልደብቃችሁም። ሥራው ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ግን አንድ ሳምንት ይሞክረው።

ገና ስትገቡ የምትሰሙት ነገር «ልጅ ሰበረው» ነው። ቧንቧው ሲያንጠባጥብም፣ የዴስኩ መቀመጫ ሲነቀልም፣ አበባው ሲረገጥም መልሱ ያው ነው። ልጅ መስበሩ መቼም አይቀርም። ግን እስቲ በእረፍት ሰዓት ውሃው ጋ ቁሙና እዩ። ቧንቧው ከፍ ካለ የአንደኛ ክፍል ልጅ ለመጠጣት ይንጠለጠልበታል። እጀታው ይላላል፣ የውስጡ ጎማ ይበላል። ጎማውን ብቻ ብትቀይሩ በሳምንቱ እዚያው ናችሁ። ከሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ መቆሚያ ሥሩለት፤ ልጁም ቧንቧውም እናንተም ታርፋላችሁ።

መሬቱም እንደዚያው ነው። ልጆች ከክፍል ወደ ሽንት ቤት የሚሮጡበት አቋራጭ አላቸው። እዚያ ላይ አበባ ተክላችሁ በእሾህ ሽቦ ብታጥሩት የሚቀደደው ዩኒፎርም ነው። መንገዱን ተዉላቸው። ጠጠር አልብሱትና አበባውን ዳርና ዳር ትከሉ።

የባሕር ዳር ወቅት ደግሞ ለእኛ ሥራ የተመቸ ነው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ልጆቹም ሐምሌና ነሐሴን ቤታቸው ናቸው። ሐምሌ መግቢያ ላይ የተተከለ ችግኝ ግቢው ጭር እንዳለ ሥር ይሰዳል። መስከረም ላይ የተከላችሁትን ኳስ ያገኘዋል፤ ከኳስ የተረፈውን የበጋው ፀሐይ ይጨርሰዋል። ለበጋው ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑ፤ ውሃ ጠዋት ወይም ማታ አጠጡ። አሸንዳ የሚጠረገው ግን ዝናቡ ሳይመጣ፣ ግንቦት ላይ ነው። በጃካራንዳ አበባና በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ውሃውን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው የሚያፈሰው።

በምትተክሉት ነገር ትንሽ ልጨቅጭቃችሁ። ቅንጭብ ለአጥር ይመቻል፤ ቅርንጫፉን መሬት ላይ መሰካት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ግን አታስገቡት። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ይጎዳል፤ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይቀነጥሳል። ከጣና ዳር እምቦጭ ለኮምፖስት ብላችሁ በጆንያ አትሸከሙ፤ በተለይ አብቦ ዘር የያዘውን። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ የግቢያችን ጎርፍ ደግሞ መጨረሻው ሐይቁ ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ ጀግና አትሁኑ። መስመሩ ሳይጠፋ ሶኬት አትፍቱ፤ ከዚያ ለሚያልፈው ባለሙያ ይጠራ።

ስትቀጠሩ መሣሪያ የሚገዛው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ የሚሄድበት ቀን አይጠፋም። ስለዚህ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና መዶሻ የራሳችሁን ያዙ። እጀታቸውን ደማቅ ቀለም ቀቡት፤ መምህራን ተውሰው መመለስ ሲረሱ መፈለጉ ይቀላል።