የ3,400 ዓመቱ ዜማ ባለቤት ነበረው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ካየሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። በነሐስ ዘመን የንግድ ከተማ ላይ ለሚሠራ ጌም የ40 ደቂቃ ሙዚቃ ልትደርስ ነው። አራት ወር አለህ። «የዓለም ጥንታዊው ዜማ» የሚሉትን አግኝተህ ዋና ዜማ ልታደርገው አስበሃል። የጠየቅከው ደግሞ የትኛውን የድምፅ ላይብረሪ (የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ) ልግዛ ብለህ ነው። ላይብረሪው ይቆይ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም እዚያው ቦታ ነበርኩ። ያው ዘመን፣ ያው ሐሳብ፣ ያው ዜማ። ረጅም ነው የምጽፍልህ፤ ግን እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

1. ያንን ዜማ አትንካው።

ዜማው የኡጋሪት ነው። ዛሬ ሶሪያ ውስጥ ራስ ሻምራ የሚባለው ቦታ ማለት ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በቁፋሮ የተገኘ የሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈ መዝሙር ነው። ቋንቋው ሑሪ፣ የተዘመረውም ኒካል ለምትባል አምላክ። ዕድሜው 3,400 ዓመት ገደማ ነው። ይህን አንተም አንብበኸዋል። እኔም «3,400 ዓመት ለሆነው ነገር ማን ይከሰኛል?» ብዬ ነው የገባሁበት።

ያላስተዋልኩት ይኼን ነው። ጽላቱ ላይ እኛ የምናውቀው ኖታ የለም። ያለው የክር ጥንዶች ስም ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ምሁራኑ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ፕሮፌሰር አን ኪልመር በ1970ዎቹ ባወጡት ንባብ ሁለት ድምፅ አብሮ ይሰማል። ሌሎቹ ደግሞ የለም፣ ነጠላ ዜማ ነው ይላሉ። ሁለቱን ንባቦች አከታትለህ ብትሰማቸው ከአንድ ጽላት የወጡ አይመስሉህም። እንግዲህ ኢንተርኔት ላይ የሰማኸው «ጥንታዊ ዜማ» የዘመናችን ሰው የለፋበት ሥራ ነው። ጽሑፉ የማንም አይደለም። ንባቡ ግን ባለቤት አለው።

«እነሱ እኮ አነበቡ እንጂ አልደረሱም» ትለኝ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ከዚያ የእንግሊዙን ክስ አነበብኩ። ሊዮኔል ሶኪንስ የሚባሉ ምሁር በ1726 እ.ኤ.አ. የሞተውን የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የላላንድን ሥራዎች ለዛሬ ተጫዋቾች እንዲሆኑ አርመው አዘጋጁ። ይህንን በሲዲ ቀድቶ ያወጣው ኩባንያ ሙዚቃው የላላንድ እንጂ የእርሳቸው አይደለም ብሎ ተከራከረ። በ2005 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሶኪንስ ፈረደ። ልብ በል፣ ሰውየው አዲስ ዜማ ጻፍኩ አላሉም። ለላላንድ ሥራ ታማኝ ለመሆን ነበር የደከሙት። በጀርመን ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ ሳይንሳዊ እትም ለብቻው የ25 ዓመት ጥበቃ አለው። ቀረጻው ራሱ ከዚህ ሁሉ የተለየ ሌላ መብት ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? አንድ ቀረጻ አውርጄ በጆሮዬ ገለበጥኩት። ቴምፖውን አዘገየሁ፣ ከበሮ ጨመርኩበት፣ ከዚያ የኔ ሆነ ብዬ አመንኩ። ከ22 ትራክ 14ቱ ውስጥ አስገባሁት። ጌሙ ሊወጣ ስምንት ሳምንት ሲቀረው፣ ጌሙን ለገበያ በሚያወጣው ኩባንያ፣ በፐብሊሸሩ ቤት መብት የምትከታተለው ሠራተኛ የአንድ መስመር ኢሜይል ላከችልኝ። «የዋናው ዜማ ምንጭ ምንድን ነው?» የ3,400 ዓመት ጽላት ነው ብዬ በኩራት መለስኩላት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው መጣ። «የማን ንባብ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ያወረድኩት ቀረጻ የማንን ንባብ እንደተከተለ እንኳን አላየሁም ነበር።

ፈልጌ አገኘሁና ንባቡን ለያዘው አሳታሚ ጻፍኩ። 11 ቀን ዝም አሉኝ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ስሜን ሳይጠይቅ «ቅጹን ሞልተሃል?» አለኝ። የት እንዳለ ስጠይቀው «ድረ ገጹ ላይ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ቅጹን አገኘሁት። ለኮንሰርት የተዘጋጀ ነው። የአዳራሹ ስም፣ የወንበር ብዛት፣ የዝግጅቱ ቀን ይላል። ጌም የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የማይመለከተኝን ባዶ ትቼ ላክሁት፤ አልተሟላም ብለው መለሱልኝ። እንደገና ደወልኩ። ጌም ምን እንደሆነ ላስረዳ ስጀምር «የያዝነው የምሁራን ሥራ ነው፤ ለልጆች መጫወቻ አንሰጥም» አለኝ። ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ያ ጌም አምስት ሰው ሁለት ዓመት ተኩል የደከመበት ነው። የአንዲት የጠፋች ከተማን የንግድ ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አንብበን ነው የሠራነው። በመጨረሻ ሲፈቅዱ ከእያንዳንዱ የሚሸጥ ቅጂ ድርሻ ጠየቁ። የጌሙ ባለቤቶች አይሆንም አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

2. ውልህን ዛሬውኑ አውጣና «ሥራው ሙሉ በሙሉ የራሴ ነው፤ ክስ ቢመጣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል አንቀጽ ካለው አስምርበት።

የኔ ውል ላይ ነበር። ስፈርም አይቼዋለሁ፤ ሁሉም ውል ላይ የሚጻፍ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ትርጉሙ የገባኝ 14 ትራክ እንደገና መሠራት ሲኖርበት ነው። ለተጨማሪው ሥራ የሚከፈል የለም። ለሁለተኛ ጊዜ የሚቀዱት ተጫዋቾችም ሒሳብ ከኔ ኪስ ነው። ከጠቅላላ ክፍያዬ ሲሶው እዚያ ላይ ሄደ። ይህን አንቀጽ ማስቀረት ካልቻልክ ቢያንስ ጣሪያ አስገባበት፤ ከተከፈለኝ በላይ አልጠየቅም ብለህ አስጽፍ። ለማስገባት ሁለት ኢሜይል ነው የሚፈጅብህ። ታሪካዊ ጌም ላይ ደግሞ የተጠቀምክበትን ምንጭ ሁሉ፣ ማን እንዳነበበው፣ ማን እንደቀዳው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ሰነድ ያዝ።

3. ሉፕህን፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚጫወተውን ሙዚቃ፣ በኤምፒ3 አታስረክብ። ፎርማቱ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል፤ ሙዚቃው በተመለሰ ቁጥር ይሰናከላል። ዌቭ ወይም ኦግ ይሁን። የሪቨርቡ (የማስተጋባቱ) ጅራት እንዳይቆረጥ ደግሞ ሙዚቃውን ሁለት ጊዜ አከታትለህ አጫውትና ሁለተኛውን ዙር ብቻ ቆርጠህ ተጠቀምበት። ይህን ብዙ ቦታ ታገኘዋለህ፤ እዚህ ላይ አልቆይም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ በዜማው ምትክ ምን እንደሠራሁ ልንገርህ።

ሰው ሁሉ «የሴይኪሎስን ዜማ ተጠቀም» ይልሃል፤ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ የጥንት ግሪኮች ዜማ ነው። እውነት ነው፣ እሱ የተሟላ ነው፤ የግሪኮቹ የኖታ ምልክቶችም የተፈቱ ስለሆኑ ከድንጋዩ ላይ ራስህ ማንበብ ትችላለህ። ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ የ1ኛው ወይም የ2ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ኡጋሪት የወደመችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1190 አካባቢ ነው። በመካከሉ ከ1,200 ዓመት በላይ አለ። በነሐስ ዘመን ወደብ ላይ ማስገባት ነውር ነው። በረሃ በታየ ቁጥር የምታላዝን የሴት ድምፅና ዱዱክ የሚባለውን የአርመኖች የትንፋሽ መሣሪያ መክተትም እንደዚሁ። እባክህ ይቺን እንኳን ተውልን።

እኔን ያወጣኝ ሌላ ጽላት ነው። ባቢሎናውያን ባለ ዘጠኝ ክር ክራር እንዴት እንደሚቃኝ ጽፈው ትተዋል። ሰባት ቅኝት አላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት መንገድ በጣም ነው የሚያምረው። በቅኝቱ ውስጥ አንድ የክር ጥንድ «ያልጠራ» ይሆናል። አንዷን ክር ታጠብቃለህ ወይም ታላላለህ፤ ኦክታቭ ጓደኛ (ያንኑ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋ የምትሰጥ ክር) ካላት እሷም አብራ ትስተካከላለች። ያልጠራው ይጠራል። ግን ሌላ ጥንድ ይደፈርሳል፤ አንተም አዲስ ቅኝት ላይ ነህ። ይህ የአቃቃን ዕውቀት ነው፤ ዜማ አይደለም። ከሱ ተነስተህ የምትጽፈው ዜማ ያንተ ነው።

ጌማችን ስድስት ምዕራፍ ነበረው። በየምዕራፉ ወደ ወደቡ የሚመጣው መርከብ ይቀንሳል። አዲስ አጭር ዜማ ጻፍኩ፣ ሰባት ድምፅ ብቻ። ምዕራፍ በተቀየረ ቁጥር ዜማው ያው ሆኖ ቅኝቱ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ተጫዋቹ ምን እንደተለወጠ አያውቅም። የሆነ ነገር እንደጎደለ ግን ይሰማዋል።

የጅማት ክር ያለው ክራር የሚጫወት ሰው አገኘሁ። ሌሊት ነው የቀዳነው፣ በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ። ማይኩን ከመቃኛው አንድ ስንዝር አራቅሁት። ሦስተኛዋን ክር ሊያጠብቅ መቃኛውን ሲያዞር እንጨቱ ሲጥ አለ፤ ክሯ ከታች ተነስታ እየተንቀጠቀጠች ወጣችና ቦታዋ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ይቅርታ ጠይቆኝ እንደገና ሊጀምር ሲል እጁን ያዝኩት። ያ ድምፅ ነው በጌሙ ውስጥ በሁለት ምዕራፎች መካከል የሚሰማው። ሌላ ምንም የለም፤ ጥቁር ስክሪንና የምትጠብቅ ክር።

የቀረውን በንብርብር ሠራሁት። አንድ ቴምፖ፣ አራት ሌየር፤ ክራር፣ ጥንድ ዋሽንት፣ የእጅ ከበሮ፣ የሰው ድምፅ። ገበያው ሲሞቅ አራቱም ይከፈታሉ፤ ሌሊት ክራሩ ብቻውን ይቀራል። እንዲህ ስትሠራ ከ40 ደቂቃ ቅጂ የብዙ ሰዓት ሙዚቃ ይወጣልሃል። ዝምታም ጨምርበት። ሰው ያንን ከተማ ለ30 ሰዓት ነው የሚዞረው። የመጀመሪያው ዜማዬ በጣም ጎላ ያለ ስለነበር የሞከሩት ልጆች በሁለተኛው ሰዓት ሙዚቃውን ዘግተውት ነበር። ይህ ያኔ ምንም አልነገረኝም፤ አሁን ግን ያ ዜማ በመብት ባይወድቅ እንኳን ይወድቅ እንደነበር አውቃለሁ።

14ቱን ትራክ በ19 ቀን ጨረስኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ጌሙ ከወጣ በኋላ አንዲት የጥንት ሙዚቃ አስተማሪ ጻፈችልኝ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ቁጭ ብላ ክራሯን ከጌሙ ጋር ስትቃኝ እንዳመሸች ነገረችኝ።

ላይብረሪ ካልክ፣ ነጠላ ድምፅ ያለውን ግዛ፤ የተዘጋጀ ሐረግ ያለውን ተው። ያው ሐረግ ለሺህ ሰው ተሽጧል። አንዱ በዩቲዩብ የመብት መለያ ላይ ካስመዘገበው፣ ያንተን ጌም እየተጫወተ የሚያሰራጭ ሰው ሁሉ ቪዲዮው ላይ ጥያቄ ይነሳበታል።

ውሉን ፈርመሃል ወይስ ገና ነህ? ገና ከሆነ የኃላፊነቱን አንቀጽ ፎቶ አንስተህ በውስጥ ላክልኝ፤ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ፈርመህ ከሆነም ዜማውን እስካሁን ስንት ትራክ ውስጥ እንዳስገባኸው ንገረኝ።