እረኞቹ የበሉት ሽምብራ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ዘንዘልማ፣ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ የሚማር ልጅ ባህር ዳር ቡና ጋብዞኝ፣ «ጋሼ፣ ምርታማነትና ድርቅን መቋቋም አብረው አልሄድ ካሉ የትኛውን ልምረጥ?» አለኝ። የሽምብራ ዝርያ ማሻሻል ላይ ነው የመመረቂያ ሥራውን የሚሠራው። እዚያው አንድ ነገር ብዬ ሸኘሁት። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ብዙም በማይርቅ የገበሬ ማሳ ላይ እጩ ዝርያዎችን እንሞክር ነበር። ሽምብራ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ይዞ ባቆየው እርጥበት የሚኖር ሰብል ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። ኅዳር ላይ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጠቀ። አብዛኛው አበባውን አራገፈ። ፍሬ የያዘ የሚመስለውም ገለፈቱን ስትጫኑት ውስጡ ባዶ ነው።

አንዱ እጩ ብቻ አረንጓዴ ነበር። ቡናማ፣ ፍሬው ደቃቃ፣ ለዓይን የማይሞላ የዴሲ ዓይነት። ያኔ የሁሉም ልብ ነጭና ትልልቅ ፍሬ ባለው በካቡሊ ላይ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን ቅጠሉን ነክቼ ጣቴን ላስሁ። የሽምብራ ቅጠል አሲድ ስለሚያመነጭ ይኮመጥጣል፤ ይቺን ልማድ እስከ ዛሬ አልተውኳትም።

ለአጨዳ ስንመለስ ያ እጩ የለም። ሥሩ የተነቀለበት ጉድጓድ ብቻ። ግራና ቀኙ ያለው አልተነካም። እያንዳንዱ እጩ ሦስት ቦታ ተደጋግሞ ተዘርቶ ነበር፤ በሦስቱም ቦታ ያንኑ እየመረጡ ነቅለውታል። የትኛው የት እንደተዘራ የሚያሳየው ፕላን ያለው እኔ እጅ ላይ ነው። የነቀሉት ግን ያለ ፕላን አገኙት።

ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ጠርቼ ማን እንደበላው ጠየቅሁ። ተያዩ። አንዱ ደፈር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እና የደረቀውን ማን ይበላል?» አለኝ።

የዝርያዎቹ ግምገማ ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። አንድ ኃላፊ፣ «የእረኛ ምስክርነት በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምርቱ ስላልተመዘነ የፎገራው ውጤት ከስሌቱ ውጪ ሆነ። ዝናብ ባልጎደለባቸው ቦታዎች ደግሞ ያ ሽምብራ መሃል ሰፋሪ ነበር፤ በአማካይ ተመዝኖ ወደቀ። ብዙ ተከራከርኩ፤ አልሆነም። ዛሬም ሲያንገበግበኝ ይኖራል።

አማካይ ክፉውን ዓመት ይደብቃል። ገበሬው ዘሩን የሚሸጠውም፣ የሚበደረውም በዚያ ክፉ ዓመት ነው። ስለዚህ ከቅጹ ላይ «አስተያየት» የምትለዋን ጠባብ ዓምድ አትናቋት። ባዶ የቀረ ቁጥር ስታዩ ለምን ባዶ እንደሆነ ጻፉ። በሽታ ነው? ጓይ ትል ነው? ወይስ ሰው ወዶት ነው?

የዛሬ ልጆች ማሳ ላይ በነጭ ስኒከር መጥታችሁ ሰልፊ ስትነሱ እበሳጫለሁ። አልዋሽም። ማዳቀል ማለት ገና በጠዋት አጎንብሶ፣ ያልፈነዳች የሽምብራ እንቡጥ በወረንጦ ከፍቶ፣ አሥሯን የወንዴ ዘር ከረጢት ሳይቀድዱ መልቀም ነው። ብዙው እንቡጥ ከነልፋታችሁ ይረግፋል። ከማዳቀል እስከ ዝርያ መለቀቅ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። ይህን በቪዲዮ አይማሩትም። ግን ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ያንን የሙከራ መደብ ፎቶ አነሳው ነበር፤ ኃላፊውም አይስቅም ነበር። እናንተ ፎቶውን አንሱ፣ ፊታችሁን ብቻ ከመሃል አውጡት።

ላብራቶሪንም እንደ ሽማግሌ አላጣጥልም። አይሲሲ 4958 የሚባለው ሽምብራ ሥሩ ጥልቅ ነው። ለዚህ ባሕርይ የሚያግዘውን የዘረመል ክፍል በላብራቶሪ በሚታይ የዘረመል ምልክት እየተከታተሉ ወደ ሌሎች ዝርያዎች ማሻገር ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 አገራችን ውስጥ የተለቀቀው ገለቱ የተባለ የሽምብራ ዝርያ የዚህ ዓይነት ሥራ ውጤት ነው። የእኛው የፎገራ ሽምብራ ሥሩ ጠልቆ ይሁን ቶሎ አብቦ ያመለጠ፣ የቆፈረ የለም።

ነፍሷን ይማርና እናቴ በጾም ከሽምብራ ዱቄት «አሳ» ትሠራልን ነበር፤ ጣናን አጠገባችን አስቀምጣ! ለዚያ ከካቡሊው ይልቅ ደቃቃውን ትመርጥ ነበር። ምክንያቷን ጠይቄያት አላውቅም። እናንተ ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች ጠይቁ።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ልጄ። ከመምረጥህ በፊት ገበሬው መቼ እንደሚዘራ እወቅ። ጣና ዳር ዋልካው ውሃ ስለሚቋጥር ቀድሞ የዘራ ሰው ሽምብራው ሥሩ ይበሰብስበታል። ውሃው እስኪጠነፍፍ የጠበቀ ደግሞ አበባው ድርቅ ላይ ይወድቅበታል። ድርቅ ብቻ የሚችል ዝርያ ብታመጣለት ግማሹን ችግሩን ነው ያቃለልክለት። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብለው ካስጨነቁህ ግን እኔ ክፉውን ዓመት የሚያልፈውን እመርጣለሁ፤ ምርቱ በደህናው ዓመት ትንሽ ቢያንስም።